በቢራ የተነሳ ጽዋ

ቶርኒኬ ለትምህርት ግሮኒንገን ከተማ የገባ ዕለት ይዘንብ ነበር፤ በማግስቱም ይዘንብ ነበር፤ ከዚያ ወዲያማ መቼ ያባራል ብሎ መጠየቁንም ተወው። ድንኳኑ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ካልሲውን ሲጨምቅ እናቱ ከባሪ ደወለችና ክፍልህ ይሞቃል ወይ አለችው። ይሞቃል አላት። መስኮቱስ ወዴት ነው? ወደ ቦዩ ነው አላት፤ ዳክዬዎች ሲያልፉ አያለሁ ብሎም ጨመረበት። ያን ሰዓት በድንኳኑ በር የሚያየው የጎረቤቱን ገመድና ገመዱ ላይ የተረሳ የሰው ሱሪ ነበር። እናቱ ተመስገን ብላ ስልኩን ዘጋች፤ እሱም ወደ ካልሲው ተመለሰ።

ለምን ዋሸ ካላችሁኝ፣ ምን ያድርግ? እናቱ ኻቱና ባሏ ሞቶባት፣ የምትሠራበት የሻይ ፋብሪካ ተዘግቶባት፣ ልጇን ገና በልጅነቱ ለወንድሟ ትታ ጣልያን አገር የሄደች ሴት ናት። ባሪ ውስጥ አንዲት አሮጊት ታስታምማለች፤ እሷ ስታርፍ ሌላ አሮጊት፤ ከዚያም ሌላ። የሰው እናት ስታጥብና ስታጎርስ የራሷ ልጅ በስልክ ውስጥ ጎረመሰ። ጆርጂያ ውስጥ፣ በትውልድ ከተማው በኦዙርጌቲ፣ እንዲህ ያደገ ልጅ ሞልቷል፣ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ያ ልጅ የትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ መርቆ ሸኝቶት ሲሄድ፣ «እማዬ፣ ሜዳ ላይ ነው የማድረው» ይበላት? አንጀቱ አልቻለም።

ነገሩ ደግሞ የዋዛ አልነበረም። ትምህርት በሚጀመርበት በዚያ ሰሞን ከተማውን ተማሪ አጥለቅልቆት ክፍል የሚባል ጠፍቷል። ከከተማው ዳር ለጊዜው ተብሎ ድንኳን ተተክሏል፤ እሱም እሁድ ይነሳል ተብሏል። አድራሻ የሌለው ሰው እንደ ነዋሪ አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ ደግሞ የትምህርት ዕድሉ ይቀራል። ይህን የነገረችው የዩኒቨርሲቲ ሠራተኛ በጣም ትሑት ነበረች፣ እያዘነች ነው የነገረችው፣ ግን ነገረችው። ባጭሩ እስከ እሁድ ክፍል ካላገኘ፣ በመጣበት መንገድ ወደ ኦዙርጌቲ መመለሱ ነው።

እዚያ አገር ደግሞ ክፍል የሚሰጠው ባለቤቱ ብቻ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ ሰባትም ስምንትም ተማሪ ይኖራል፤ አንዱ ሲለቅ የቀሩት ክፍል ፈላጊዎችን ባንድ ምሽት ወጥ ቤታቸው ሰብስበው እያጫወቱ ያያሉ። ሰዉ ሲበተን ድምፅ ይሰጡና የወደዱትን ይጠራሉ። ሽማግሌ ሳይላክ ሙሽራ የሚመረጥ ነው የሚመስለው። ቶርኒኬ ሁለት ቤት ቀርቦ ነበር። በሁለቱም ስለ ራስህ ንገረን ሲሉት ቶርኒኬ እባላለሁ፣ የውሃ ምህንድስና ነው የምማረው ብሎ ዝም አለ። በሁለቱም ሳይመረጥ ቀረ።

ዝምታው የሞኝነት እንዳይመስላችሁ። ያሳደገው አጎቱ ኖዳር ነው፣ ኖዳር ደግሞ ታማዳ ነው፤ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ገበታውን የሚመራ፣ ጽዋ የሚያነሳ ሰው። ልጁ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ወይን እየቀዳ ነው ያደገው። ኖዳር ሰካራም ይታገሳል፣ ተሳዳቢም ይታገሳል፤ ገበታ ላይ ራሱን የሚያሞግስ ሰው ሲያይ ግን ደም ሥሩ ይገታተራል። ለሰው ጽዋ ስታነሳ የወለደችውን እናት ስም ጥራ ይላል፤ ስሟን ካላወቅህ ጠይቅ፣ ሳትጠይቅ አትጠጣ። ጽዋው ደግሞ ወይን ነው። ቢራ ለጥም ነው እንጂ ለሰው አይነሳም፤ ከተነሳም ክፉ ለምትመኝለት ሰው ነው። አንዴ የመንደሩን ሻይ ተክል ከነሥሩ ያስነቀለው ሹም ሠርግ ላይ ሲገኝ፣ ኖዳር ቀስ ብሎ ተነሳና የቢራ ብርጭቆ አንስቶ ረጅም ዕድሜ ተመኘለት። ሰውዬው ምግቡን ሳይጨርስ ነው የወጣው። ቶርኒኬ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበር፣ ግን የሰውዬውን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም።

ሐሙስ ዕለት ሦስተኛ ቤት ተጠራ። በሩ ላይ የብስክሌት መዓት ነፋስ ጥሎት ተዘርግቷል፤ መጪው ሁሉ እየተሻገረ ይገባል፣ ቶርኒኬም ተሻግሮ ገባ። የቤቱን ነገር የምትመራው ፌምከ የምትባል ረጅም ልጅ ናት፤ የምታስበውን ከማሰቧ በፊት የምትናገር ዓይነት። ለሁሉም ቡና ቀዳች፣ የብስኩት ቆርቆሮ ከፈተች፣ ለያንዳንዱ አንዳንድ አዳረሰችና ክዳኑን ግጥም አድርጋ ዘጋችው። ቶርኒኬ ክው አለ። ኦዙርጌቲ ውስጥ እንግዳ ፊት የብስኩት ዕቃ የከደነች ሴት ወሬዋ ሦስት መንደር ይዞራል። እዚህ ግን ማንም ምንም አላለም፣ ሁሉም ብስኩቷን በላና ጨዋታው ቀጠለ።

ጨዋታ ከተባለ። አንዱ የተበላሸ ብስክሌት ሁሉ እጠግናለሁ አለ። አንዷ ኬክ እጋግራለሁ፣ ለዚያውም እሁድ እሁድ አለች። ሌላው ጊታሩን ይዞ መጥቶ ነበርና አፍታ ከርከር አደረገው። እኔ ንጹህ ነኝ፣ እኔ ተጫዋች ነኝ፣ እኔ ማንንም አልረብሽም። ቶርኒኬ ስለ እነሱ ሆኖ አፈረ። ጥግ ላይ አንዲት ከሲታ ልጅ ቆማለች፤ ፀጉሯ ከዝናቡ ገና ይንጠባጠባል። ተራዋ ሲደርስ ያጎዳ እባላለሁ፣ ከፖላንድ ነኝ አለችና ድምፅዋ ጠፋ፣ ፊቷ ቀይ ሥር መሰለ። ፌምከ ሌላስ ብላ ጠበቀቻት። ሌላ አልነበረም።

ከዚያ ወደ ቶርኒኬ ዞረች። «አንተስ? ለምን አንተን እንምረጥ?»

ይሄን ጊዜ ቶርኒኬ ሁለቱን ቤቶች አሰበ፣ እሁድን አሰበ፣ የዳክዬዎቹን መስኮት አሰበ። ዛሬስ እናገራለሁ ብሎ ቆርጦ ተነሳ። ግን ቆሞ መናገር የተማረው ባንድ መንገድ ብቻ ነውና እጁ ሳያስበው ወደ ቦርሳው ገባ፤ የውሃ ፕላስቲክ ይዞ ወጣ። ውስጡ ያለው የኖዳር ወይን ነበር። እዚያ ላለው ሰው ሁሉ፣ ተወዳዳሪዎቹንም ጨምሮ፣ በየቡና ስኒው ጠብ ጠብ አደረገላቸው። ከዚያ ጥግ ላይ ወደቆመችው ልጅ ዞሮ፣ «የእናትሽ ስም ማን ነው?» አላት።

ልጅቷ ግራ ገባት። «ቦዜና» አለች ቀስ ብላ።

«እንግዲያ ይሄ ለቦዜና ልጅ ነው። ደጅ የወደቁት ብስክሌቶች የእናንተ ናቸው። ሁላችንም ተሻግረናቸው ገባን፣ እኔም ጭምር። እሷ ግን ዝናብ ላይ ቆማ አንድ ባንድ ስታነሳቸው በዚህ መስኮት አየኋት። ወንበር ያጣችው ስለዚያ ነው፤ ያንንም አልነገረቻችሁም። ቦዜና አሁን የሆነ ቦታ ቁጭ ብላ፣ ልጄ ሰው አገር እንዴት ሆና ይሆን እያለች ነው። እኔ ብሆን ልጅሽ ደህና ናት፣ አብሯት የሚኖር ሰው የታደለ ነው ብዬ እልክባት ነበር።»

ጠጣ። ሁሉም ጠጡ። ባለጊታሩ ጊታሩን ወደ ኋላው ሸሸገ። ፌምከ እንኳ ቆርቆሮውን እንደገና ከፈተች፣ ይህ በዚያ ቤት ተደርጎ አያውቅም ይላሉ። ቶርኒኬ ደስ ብሎት ተቀመጠ፤ አጎቱ ቢያየው ኖሮ ትከሻውን መታ መታ ያደርገው ነበር። ስለ ራሱ አንዲት ቃል እንዳልተናገረ ትዝ ያለው ወደ ድንኳኑ ሲመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። መልእክቱ ሲደርሰው ገና ጫማውን አላወለቀም ነበር። ያጎዳን መርጠናል፤ አንተም በጣም ደስ ትላለህ ይላል።

ወሽመጡ ቁርጥ አለ። በማግስቱ ጠዋት ለአጎቱ ደወለ። ኖዳር ክፍል አገኘህ ወይ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ጽዋው እንዴት እንደተነሳ ቃል በቃል አስደገመው። እናቷን ጠራህ? ጠራሁ። በምን ነበር? በእርስዎ ወይን። እሰይ የኔ ልጅ፣ አለ ኖዳር፣ ድምፁ ሁሉ በራ።

ቶርኒኬ ይሄን ጊዜ ፈነዳ። በዕድሜው አጎቱን ተናግሮት አያውቅም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ወግ እኮ እኔን ሜዳ ላይ ጥሎ ሌላ ሰው አልጋ ላይ አስተኛ! ሁሉም እኔ እኔ ሲል እኔ ለሰው ስቆም፣ ማን ነው ታዲያ ለኔ የሚቆመው?»

ኖዳር፣ «ብርድ ልብስ አለህ?» አለው። ቶርኒኬ አለኝ አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሻንጣውን ማሰር ጀመረ። ቢያንስ ያልረጠበውን ከረጠበው ልለይ ብሎ ሲያገላብጥ ሁሉም ረጥቦ አገኘው፤ ሳቁ መጣ፣ ቀጥሎ ልቅሶው መጣ፣ ሁለቱንም ዋጣቸው። ይሄኔ ደጅ የብስክሌት ደወል ተንጫረረ። ያጎዳ ናት። ከድንኳን ድንኳን እየዞረች፣ ወይን በፕላስቲክ ይዞ የሚዞር ጆርጂያዊ አላያችሁም እያለች ስትጠይቅ ቆይታ ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀ አመጣት።

ተነስ እንሂድ አለችው። ክፍል ከማግኘቷ በፊት አመልክታበት የነበረ ሌላ ቤት ዛሬ ማታ ጠርቷት ነበር። እኔ ክፍል አግኝቻለሁ፣ በቦታዬ ግን አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ ስትላቸው፣ የሚጠሩትን የምንመርጠው እኛ ነን አሏት። ይህች ስሟን ለመናገር የሚያልባት ልጅ ስልክ ላይ ተጨቃጭቃ፣ ለምና፣ መጨረሻ ላይ እሺ አስባለቻቸው። ከተኛሁበት ሰዓት ጀምሮ አልጋው እየቆረቆረኝ ነው አለችው።

ቶርኒኬ እጁን አራገበ። «ልፊ ብሎሽ ነው። ስለ ራሴ መናገር አልችልም፤ ሦስት ቤት ሞክሬያለሁ፣ አንዱን አንቺም አይተሻል።»

«አንተን ማን ተናገር አለህ?» አለችው።

እሷ እየነዳች እሱ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ተቀምጦ ሄዱ፤ እዚያ አገር እንዲህ መሄድ ነውር አይደለም። መንገድ ላይ ያንተስ እናት ስሟ ማን ነው፣ የት ናት አለችው። ኻቱና አለ ቶርኒኬ፣ ከዚያ ሳያስበው ሁሉንም ነገራት፤ ባሪን፣ አሮጊቶቹን፣ የሌለውን መስኮትና የሌሉትን ዳክዬዎች። ጀርባዋን ስለሚያይ ነው መሰል፣ መናገሩ አልከበደውም። እሷም ምንም አላለችም፣ ፔዳሉን ረገጥ ረገጥ እያደረገች ነዳች።

የዚህኛው ቤት አውራ ዊበ ይባላል፤ ጢሙ ቀይ፣ ቁመቱ በር የሚሞላ። ዳቦው ላይ የቸኮሌት ፍርፋሪ ነስንሶ እየገመጠ ተቀበላቸውና፣ ክፍል ያላት ሰው ክፍል ለሚፈልጉ ሰዎች በተሰናዳው ምሽት ምን ትሠራለች ብሎ ፊት ለፊት ጠየቃት። ያጎዳ ተንተባተበች፣ ግን አልወጣችም። ፈላጊው በየተራው ስለ ራሱ ተናገረ፤ ጋጋሪዋ እዚህም አለች፣ ኬኳን እንደገና ጋገረችው። ቶርኒኬ ጋ ሲደርስ ቶርኒኬ እባላለሁ፣ የውሃ ምህንድስና ነው የምማረው አለና ዝም አለ።

ያጎዳ ስትነሳ በርጩማው ወደ ኋላዋ ወደቀ። ፊቷ ቀላ። ከጠረጴዛው ላይ የቀረባትን አነሳች። ቢራ ነበር።

ቶርኒኬ የሹሙ ፊት ድቅን አለበት። አስቀምጪው ሊላት አፉን ከፈተ፣ የወይኑ ፕላስቲክ ግን ከሐሙስ ጀምሮ ባዶ ነው፤ ልጅቷ ደግሞ አንዴ ከተቋረጠች ዳግመኛ እንደማትጀምር ያውቃል። አፉን ዘጋ፣ ዓይኑንም ጨፈነ።

«እኔ መናገር አልችልም» አለች ያጎዳ። «ይሄ የኻቱና ልጅ ነው። ኻቱና የሰው እናት ታስታምማለች፣ እሱ እዚህ እንዲቀመጥ ብላ። ሐሙስ ዕለት እሱም ክፍል ፈልጎ መጥቶ ነበር፣ እኔም። ተናገር ሲሉት ስለ እኔ ተናገረ። አያውቀኝም ነበር። አሁን እኔ አልጋ ላይ ነኝ፣ እሱ ሜዳ ላይ ነው፣ ነገ ያንንም ያነሱበታል። ለእናቱ ግን ክፍሌ ይሞቃል ብሏታል። እባካችሁ ውሸታም አታድርጉት። ለኻቱና ልጅ።»

ጠጣችው። ዊበም የቢራ ቆርቆሮውን አነሳ፣ ሌሎቹም አነሱ፣ አንድ ወጥ ቤት ሙሉ ሰው በቢራ ለቶርኒኬ ጠጣ። ቶርኒኬም ምን ያድርግ፣ የቀረበለትን አንስቶ ተጎነጨ። የእናቱን ስም እዚህ አገር ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይሄ የመጀመሪያው ነበር። እንባው ያለ ፈቃዱ ወረደ።

ዊበ ጢሙን ጠረገ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትናገሪው?» አላት።

«የመጀመሪያዬ ነው» አለች።

«ያስታውቃል» አለ ዊበ፣ ቤቱም በሳቅ ተነቃነቀ። ወደ ቶርኒኬ ዞሮ ደግሞ ዕቃ ታጥባለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። አጥባለሁ አለ ቶርኒኬ፤ ስለ ራሱ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

ሁለቱ ብስክሌቱን እየገፉ ድልድዩ ጋ ሳይደርሱ ስልኩ ጮኸ። ቶርኒኬ አነበበው፣ አላመነም፣ ለያጎዳ ሰጣት፣ እሷ ጮክ ብላ አነበበችለት። ነገ ና፣ ቁልፉን ውሰድ ይላል። እርጥቡ ድንጋይ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። እፎይ ሲል ከኦዙርጌቲ ጀምሮ ይዞት የመጣው አየር ሁሉ የወጣ መሰለው። ያጎዳ ትስቃለች፣ እሱ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ አላፊ አግዳሚው በብስክሌት እየታጠፈላቸው ያልፋል። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል፣ ግን ማን ልብ ብሎት።

እሁድ ገባ። የክፍሉ መስኮት ወደ ቦዩ አይደለም፣ ወደ ጓሮው የብስክሌት መጠለያ ነው። ለእናቱ ደውሎ እውነቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ነገራት። ኻቱና እስኪጨርስ ታገሠችው።

«አውቄ ነበር» አለችው። «ዝናቡ ሸራ ላይ ሲንጣጣ ይሰማኝ ነበር እኮ። አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። አሁን ይሞቃል?»

«ይሞቃል እማዬ።»

«እስቲ ዝም በል ልስማው» አለችና አዳመጠች። የማሞቂያው ቧንቧ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ሸራ የለም። ተመስገን አለች፣ አሁን ከልቧ መሆኑን ከድምፅዋ አወቀ።

ቀጥሎ አጎቱ ጋ ደወለ። ስለተናገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ ምናምን ሲለው ኖዳር አልሰማም አለ፣ ያለፈ ነው ብሎ አሳለፈው። ልጅቷ ያለችውን ግን ቃል በቃል ንገረኝ አለ። ቶርኒኬ ነገረው። በርጩማው ሲወድቅ ሳቀ፣ «መናገር አልችልም» ያለችበት ጋ ሲደርስ እንደዚህ ነው እንጂ የሚጀመረው አለ። ከዚያ ቶርኒኬ የፈራው ጥያቄ መጣ።

«በምን ነበር ያነሳችው?»

መዋሸት ይችል ነበር። ኖዳር ግሮኒንገን ድረስ መጥቶ አያይ። ግን በዚህ ሳምንት የዋሸው ይበቃዋል፣ እሷንም በውሸት ሊያሳምራት አልፈለገም።

«በቢራ ነው፣ ጋሼ» አለ። «አታውቅም ነበር። እኔም አልከለከልኳት።»

ከኖዳር ኋላ የዶሮ ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ጎረቤት በአጥር በኩል አልፎ ሰላም ሲለው ኖዳር ሰላምታ አልመለሰም። ቶርኒኬ ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ።

«የእናትህን ስም ጠርታለች?»

«ጠርታለች። ሦስት ጊዜ።»

«ኻቱና ብላ?»

«ኻቱና ብላ።»

ኖዳር ቀጥሎ ሲናገር ድምፁ የእህቱን ድምፅ መሰለ።

«እንግዲያ ወይን ነበር» አለ።